ቨርዥን ቁጥርና ሪሊዝ ብራንች፦ ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የአሠራር መመሪያ

ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የኢንተርኔት ግንኙነት ማመስጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው «ኸርትብሊድ» የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ አፕሪል 7 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን፣ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የነበረበት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ዘንድ ያለው ስንት ቁጥር ነው?» ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ያሉት ተጋላጭ ነበሩ። 1.0.1ጂ መፍትሔውን ይዞ ወጣ። የ1.0.0 እና የ0.9.8 መስመሮችን ችግሩ አልነካቸውም። ኮዱን መስመር በመስመር ለማንበብ ጊዜም ችሎታም የሌለው ሰው ቁጥሩን አይቶ መወሰን ይችል ነበር።

የቨርዥን ቁጥር ኮዳችሁን ለማያነብ ሰው የምትሰጡት ቃል ነው። ሪሊዝ ብራንች፣ ማለትም ለሚወጣ እትም ተለይቶ የሚያዝ የኮድ መስመር፣ ደግሞ ያ ቃል የሚጠበቅበት ቦታ ነው። አንዱን ያለ ሌላው በደንብ መያዝ የሚቻል አይመስለኝምና ሁለቱን አብሬ አስኬዳለሁ። ለምሳሌ እንዲሆነን በሠንጠረዥ መልክ የተጻፉ ፋይሎችን የሚያነብ አንድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) አለን እንበል፤ አሁን 2.3.4 ላይ ደርሷል፤ ኮዱም ጊት በተባለው የኮድ ለውጦች መመዝገቢያ መሣሪያ ላይ ነው።

እርምጃ 1፦ ቃላችሁ ምን ምን እንደሚይዝ ጻፉ

ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት «ይህን ዝም ብዬ አልቀይርም» የምትሉትን ሁሉ በአንድ ፋይል አስፍሩ። ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የሚባለው ደንብ በመጀመሪያ ተራ ቁጥሩ የሚያስገድደው ይህንኑ ነው፤ ይፋዊው ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ላይብረሪውን የሚጠሩበት መንገድ) ካልታወቀ «ይህ ለውጥ ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ብዙ ሰው የፋንክሽን ስሞችን ዘርዝሮ ያቆማል። ተጠቃሚው የሚደገፈው ግን ከዚያ በላይ ነው፦ የትዕዛዝ መስመር አማራጮች፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰው ኮድ፣ የሚጽፈው ፋይል ቅርጽ፣ የኮንፊገሬሽን ቁልፎች፣ ነባሪ ምርጫዎች፣ ለመሥራት የሚፈልገው ዝቅተኛ የቋንቋ ቨርዥን። የኛ ላይብረሪ ዓምዶችን የሚለይበት ነባሪ ምልክት ኮማ ሆኖ ሳለ ወደ ሌላ ምልክት ብትቀይሩት አንድም የፋንክሽን ስም አልተነካም፤ የሰው ሥራ ግን ቆሟል። ቃል የማትገቡበትንም ጻፉ። ለምሳሌ «የስህተቱ ዓይነት አይቀየርም፤ የስህተቱ መልእክት አጻጻፍ ግን ሊቀየር ይችላል» የሚል አንድ መስመር በኋላ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

እርምጃ 2፦ አንድ የቁጥር ሥርዓት ምረጡ

ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ላይብረሪ ከሆነ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግን ያዙ፤ ሌላ አትፈልጉ። በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ሜጀር፣ ማይነርና ፓች ይባላሉ። ፓኬጅ ማኔጀሮች (ላይብረሪዎችን የሚያወርዱና የሚጭኑ መሣሪያዎች) «ከ2.3 ጀምሮ እስከ 3.0 በፊት ያለውን ስጠኝ» የሚለውን ጥያቄ የሚያስተናግዱት ይህ ደንብ እንደሚከበር ተማምነው ነው።

ሰው በቀጥታ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ወይም ብዙ ነገር አጠቃሎ የያዘ ስርጭት ከሆነ ቀኑን የሚናገር ቁጥር ይሻላል። ኡቡንቱ 24.04 በ2024 አፕሪል ወር የወጣ ነው፤ ቁጥሩን ያየ ሰው ምን ያህል እንዳረጀ ወዲያው ያውቃል። ሌላ መንገድ የሚሄዱም አሉ። የመረጃ ቋት ፕሮግራሙ ፖስትግሬስኪውኤል ከ9.6 በኋላ በ2017 ወደ 10 ሲሸጋገር ሦስት የነበሩትን ቁጥሮች ሁለት አድርጓቸዋል፤ አሁን የመጀመሪያው ዋናውን እትም፣ ሁለተኛው ጥገናውን ይናገራል። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት) በ2011 ከ2.6.39 ወደ 3.0 ሲያልፍ የፈረሰ ነገር ስለነበረ አይደለም፤ ቁጥሩ ስለረዘመ ነው። እንዲህ ያለውን ነፃነት የሚያገኘው ግን «የተጠቃሚን ፕሮግራም አናፈርስም» የሚለውን ሕግ በሌላ መንገድ አጥብቆ የያዘ ፕሮጀክት ነው። አነስተኛ ፕሮጀክት ይህን እንዲከተል አልመክርም።

እርምጃ 3፦ የትኛውን ቁጥር እንደምታሳድጉ ወስኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ካለፈው ታግ (በአንድ እትም ላይ ከሚለጠፍ ስም) ወዲህ የገቡትን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) በዝርዝር አውጡና እያንዳንዱን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁት። ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረ፣ ቃል በገባንበት ወሰን ውስጥ ያለ ነገር የሚጠቀም ሰው ኮዱን ሳይነካ ቢያሻሽል ሥራው ይቆምበታል? አዎ ከሆነ ሜጀሩ ያድጋል፤ 3.0.0። ካልሆነ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ተጨምሯል? ማይነሩ ያድጋል፤ 2.4.0። የተጠገነ ስህተት ብቻ ከሆነ ፓቹ፤ 2.3.5። በስተግራ ያለው ሲያድግ በስተቀኙ ያሉት ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ከሁሉም ኮሚቶች ትልቁን መልስ ያገኘው አንዱ የሪሊዙን ቁጥር ይወስናል።

ነጥቡ የአስርዮሽ ነጥብ አይደለም። ከ2.9 ቀጥሎ 2.10 ይመጣል፤ 2.10ም ከ2.9 ይበልጣል። ይህ ተራ ነገር ቢመስልም በ2021 ፓይተን 3.10 ሲወጣ የቨርዥኑን ጽሑፍ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ብቻ ቆርጠው የሚያነቡ ፕሮግራሞች 3.1 ላይ ያሉ መስሏቸዋል። በኮዳችሁ ውስጥ ቨርዥን ስታወዳድሩ እንደ ጽሑፍ አታወዳድሩ፤ እያንዳንዱን ክፍል ወደ ቁጥር ቀይሩ፣ ወይም ቋንቋችሁ ለዚህ ያዘጋጀውን ላይብረሪ ተጠቀሙ።

አስቸጋሪው ጉዳይ ስህተትን ማረም ራሱ ሰው ሲጎዳ ነው። ላይብረሪያችን ባዶ ሕዋስን እስካሁን በስህተት ዜሮ አድርጎ ይመልስ ነበር እንበል፤ ዶኪዩመንቴሽኑ ግን «ባዶ ይመልሳል» ይላል። ብናርመው ከተጻፈው ጋር ይስማማል፤ በዜሮው ላይ ሂሳብ የሠራው ሰው ግን ውጤቱ ይዛባበታል። ደንቡን በፊደሉ ብናነብ ፓች ነው። የኔ አቋም ሌላ ነው፦ ስህተቱ ብዙ ዓመት ከቆየና ሰዎች እንደተደገፉበት ካያችሁ በፓች አታሾልኩት። በ2.4.0 አዲሱን ባሕርይ በአማራጭ አስገቡ፤ አሮጌው ሲሠራ ማስጠንቀቂያ ያሳይ፤ በ3.0.0 ነባሪውን ገልብጡ። ስም መቀየርና ፋንክሽን ማስወገድም በዚሁ መንገድ ይሂድ፤ ቢያንስ በአንድ ማይነር ሪሊዝ ማስጠንቀቂያው ለሰው ሳይታይ ምንም ነገር አይጥፋ።

በዜሮ የሚጀምር ቁጥር፣ ለምሳሌ 0.3.1፣ «ገና አልረጋንም፤ ማንኛውም ነገር ሊቀየር ይችላል» ማለት ነው። ለጅማሬ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰዎች በዕለት ሥራቸው ላይ እየተጠቀሙበት ለዓመታት በዜሮ መቆየት ልክ አይመስለኝም፤ ቃሉን መግባት በሚገባን ሰዓት ቃል አለመግባት ነውና። ደንቡን የጻፉትም ሶፍትዌራችሁ በምርት ላይ ከዋለ 1.0.0 መሆን ነበረበት ይላሉ።

እርምጃ 4፦ ቁጥሩ የሚኖርበትን አንድ ቦታ ለዩ

በፓኬጁ ፋይል አንድ፣ በኮዱ ውስጥ አንድ፣ በዶኪዩመንቴሽኑ ሌላ ቁጥር ካለ አንድ ቀን አንዱ ይረሳል። አንዱን ምንጭ አድርጉ፤ ሌሎቹ ከሱ ይቅዱ። ከጊት ታግ በቀጥታ ማስላትም ይቻላል፤ የጊት «ዲስክራይብ» ትዕዛዝ ካለፈው ታግ ወዲህ ስንት ኮሚት እንደገባ ጨምሮ ይነግራችኋል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ትዕዛዙ የሚሰጠው ጽሑፍ 2.4.0 ብሎ ሰረዝ አድርጎ 17 ያስከትላል፤ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደግሞ ከሰረዝ በኋላ የሚመጣን ሁሉ «ከ2.4.0 በፊት የወጣ ሙከራ» ብሎ ነው የሚያነበው። አዲሱ ኮድ ከአሮጌው ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ እንዳለ አትውሰዱት፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር የሙከራ እትም ቀይሩት።

እርምጃ 5፦ ብራንቹን ቁረጡ፤ ካስፈለገ ብቻ

አንድ ሰው የሚሠራው ትንሽ ፕሮጀክት ከሆነ ታግ ይበቃል። ብራንች ከማንኛውም ታግ ላይ በማንኛውም ቀን መክፈት ስለሚቻል ቀድሞ መክፈት የሚያተርፈው የለም። ብራንች የሚያስፈልገው ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲፈለጉ ነው፦ 2.4ን ማረጋጋት፣ በዋናው ብራንች ላይ ደግሞ የ2.5ን ሥራ መቀጠል።

ብራንቹን 2.4 በሚለው መስመር ሰይሙት፤ 2.4.0 አትበሉት፤ ምክንያቱም 2.4.1ም 2.4.7ም የሚወጡት ከዚሁ ብራንች ነው። ብራንቹና ታጉ አንድ ስም እንዳይኖራቸውም ተጠንቀቁ፤ ጊት የትኛውን እንደፈለጋችሁ ግራ ይገባዋል፣ ሰውም እንዲሁ። ለብራንች «ሪሊዝ» የሚል ቅድመ ስም፣ ለታግ «ቪ» የሚል ፊደል ማስቀደም የተለመደ ነው። ያ «ቪ» የታጉ ስም አካል እንጂ የቨርዥኑ አካል አይደለም፤ በፓኬጁ ውስጥ አትጻፉት።

ብራንቹን በቆረጣችሁበት ደቂቃ በዋናው ብራንች ላይ ያለውን ቁጥር ወደ 2.5.0 የልማት እትም ከፍ አድርጉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁለት የተለያዩ ኮዶች አንድ ቁጥር ይዘው ይጓዛሉ። ቀጥሎም ወደ ሪሊዝ ብራንቹ በቀጥታ ፑሽ ማድረግን (ኮድ መላክን) ዝጉ፤ ሁሉም ነገር በግምገማ ይግባ።

እርምጃ 6፦ አረጋጉና ሞክሩ

ከዚህ በኋላ ወደ 2.4 ብራንች የሚገባው የስህተት ጥገናና ዶኪዩመንቴሽን ብቻ ነው። «ትንሽ ናት፣ ትግባ» የምትባል አዲስ ነገር ሁልጊዜ ትመጣለች፤ ለ2.5 ትቆይ።

ሊኑክስ ከርነል ይህን በሰዓት ያደርገዋል። ለሁለት ሳምንት አዲስ ነገር ይቀበላል፤ መስኮቱ ሲዘጋ የመጀመሪያው የሪሊዝ እጩ ይወጣል፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እጩ እየወጣ ብዙውን ጊዜ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ያበቃል። እናንተ ሰባት አያስፈልጋችሁም። አንድ እጩ አውጡ፣ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ ከባድ ችግር ከተገኘ ሁለተኛ አውጡ። ከመጨረሻው እጩና ከሪሊዙ መካከል ከቁጥሩ በቀር ምንም አይቀየር፤ ከተቀየረ ያወጣችሁት ማንም ያልሞከረውን ነው።

የእጩውን ቁጥር አጻጻፍ ልብ በሉ። በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ 2.4.0 ብላችሁ ሰረዝ ካደረጋችሁ በኋላ «አርሲ» (የሪሊዝ እጩ ምሕጻረ ቃል) ብላችሁ ነጥብ አስገቡና ቁጥሩን ጻፉ። ነጥቡን ትታችሁ ፊደሉንና ቁጥሩን ካጣበቃችኋቸው በአንድነት እንደ ጽሑፍ ስለሚነበቡ አሥረኛው እጩ ከሁለተኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ፓይተን የራሱ አጻጻፍ አለው፤ ሰረዙን አያስገባም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ፓኬጅ ደግሞ ለዚህ ሞገድ የመሰለችውን የቲልዴ ምልክት ይጠቀማል፤ ከሷ በኋላ ያለው ከሪሊዙ በፊት ይመደባል። ፓኬጃችሁ የሚገባበትን ቦታ ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

እርምጃ 7፦ ታግ ስጡ፤ ከዚያ በኋላ አትንኩት

ፈተናዎቹ ሁሉ ካለፉ፣ ቼንጅሎጉ (የለውጦች ዝርዝር) ከተጻፈና ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ በሪሊዝ ብራንቹ ጫፍ ላይ ታግ አድርጉ። ስም ብቻ ያለው ቀላል ታግ አይሁን፤ ማን፣ መቼና ለምን እንደሰጠው የሚይዘው የተብራራ ታግ ይሁን። ቁልፍ ካላችሁ «ኤስ» በሚለው አማራጭ ፈርሙበት። የሚሰራጨውን ፓኬጅ ከታጉ ላይ እንደ አዲስ አውርዳችሁ ገንቡት፤ በኮምፒውተራችሁ ላይ ኮሚት ያልተደረገ ፋይል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የወጣ ቁጥር ተመልሶ አይወሰድም። እኔ አንድ ጊዜ ሪሊዙ ከወጣ ሰዓት ሳይሞላ ትንሽ ስህተት አይቼ ታጉን ወደሚቀጥለው ኮሚት አንቀሳቅሼው ነበር። ጊት አሮጌውን ታግ ያወረደ ሰው ዘንድ ያለውን በራሱ አይቀይርም። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ኮዶች ተሰራጩ፤ አንድ ተጠቃሚ የላከልኝን የችግር ሪፖርት እኔ ዘንድ ላገኘው ስላልቻልኩ ጥፋቱ የሱ መስሎኝ ብዙ ቀን አደከምኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። አንድ ተጨማሪ ፓች ማውጣት ምንም አያስከፍልም ነበር።

ዴቢያን በዚህ ረገድ ያደረገው ይበል የሚያሰኝ ነው። አንድ የሲዲ አከፋፋይ ገና ያላለቀ እትም 1.0 ብሎ በስህተት አሠራጨ። ፕሮጀክቱ ትክክለኛውን ሥራ በዚያው ቁጥር አውጥቶ ሰው ከማደናገር ይልቅ ቁጥሩን ተወው፤ በጁን 1996 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.1 ነበር፤ 1.0 የሚባል ዴቢያን የለም። የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒም የ6 ቁጥር ሥራው ከቆመ በኋላ በ2015 በቀጥታ 7ን አውጥቷል። ቁጥር መዝለል ነውር የለውም። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከፋፈያው ኤንፒኤምም አንድ ጊዜ የወጣን ቁጥር ብትሰርዙት እንኳ ደግማችሁ እንድትጠቀሙበት አይፈቅድም፤ ልክ ነው።

2.4.0 የሰውን ኮድ እንዳበላሸ ከወጣ በኋላ ብታውቁስ? ቀድሞ የነበረውን ባሕርይ የሚመልስ አዲስ ሪሊዝ ወዲያው አውጡ፤ የተበላሸውን ቁጥር በቼንጅሎጉ በስሙ ጥቀሱና «ይህን አትጠቀሙ» በሉ። ለውጡ እስከ 3.0.0 ይጠብቅ።

እርምጃ 8፦ ጥገናን ወደ አሮጌው ብራንች አሻግሩ

መጀመሪያ በዋናው ብራንች ላይ አርሙ፤ ከዚያ በጊት «ቼሪ ፒክ» (አንድን ኮሚት ወደ ሌላ ብራንች በሚቀዳው ትዕዛዝ) ወደ 2.4 አምጡት። ሊኑክስ ከርነልም ወደ ስቴብል ብራንች የሚገባ ጥገና አስቀድሞ በዋናው መስመር ውስጥ መግባት አለበት ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአሮጌው ላይ ብቻ ያረማችሁት ስህተት 2.5 ሲወጣ ተመልሶ ይመጣል፣ ተጠቃሚውም አሻሽሎ ወደ ኋላ የሄደ ይሆናል። የጊት ፕሮጀክት ራሱ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ጥገናውን መጀመሪያ ለጥገና በተለየው አሮጌ ብራንች ላይ አስገብቶ ወደ አዲሶቹ ብራንቾች ሜርጅ ያደርጋል (ያዋህዳል)። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሁለቱን ማቀላቀል ግን አይሠራም። ሁለተኛው መንገድ ብራንቾቹን ሁሉ የሚያውቁ ጠንቃቃ እጆች ይፈልጋል፤ ለአብዛኛው ቡድን የመጀመሪያው ይቀላል።

ቼሪ ፒክ ስታደርጉ «ኤክስ» የሚለውን አማራጭ አትርሱ፤ የመጀመሪያውን ኮሚት መለያ በመልእክቱ ግርጌ ይጽፋል። የተሻገረው ኮሚት አዲስ መለያ ስለሚያገኝ «ይህ ጥገና በየትኞቹ ታጎች ውስጥ አለ?» ብላችሁ ጊትን ብትጠይቁት የተሻገሩትን አያሳያችሁም። ያቺ አንዲት መስመር ካለች ግን በመልእክቶች ውስጥ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ዋናው ኮድ ተለውጦ ቼሪ ፒኩ ሲጋጭ፣ በተለይ ለ2.4 አዲስ ጥገና ጻፉና በመልእክቱ ለምን እንደተለየ አስረዱ። ፈተናውንም አብራችሁ አሻግሩት።

የማይሻገረው፦ አዲስ ፋንክሽን፣ የኮድ አደረጃጀት ማስተካከያ፣ የተደገፍንበትን ሌላ ላይብረሪ ወደ አዲስ ሜጀር ማሳደግ።

የደኅንነት ጥገና ሲሆን ወሰኑ ይሰፋል። በዲሴምበር 2021 እ.ኤ.አ. ሎግፎርጄይ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን 2.15.0፣ 2.16.0 እና 2.17.0 በተከታታይ ወጡ። አሮጌ ጃቫ ላይ ያለ ሰው ግን ወደነዚያ መዝለል አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ለጃቫ 7 2.12.2፣ ለጃቫ 6 ደግሞ 2.3.1 ወጣ። እናንተም ቀዳዳ ሲነገራችሁ ጥገናውን በሚደገፉት ብራንቾች ሁሉ ላይ በዝግ አዘጋጁ፤ ሪሊዞቹን በአንድ ቀን አውጡ። አንዱን ቀድማችሁ ብታወጡ ለውጡ ራሱ ቀዳዳው የት እንዳለ ያሳያል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። ከ3.0.0 በኋላ 2.4.2ን ኤንፒኤም ላይ ስታወጡ የራሱን ዲስት ታግ (ኤንፒኤም ላይ ለአንድ መስመር የሚሰጥ ምልክት) ስጡት፤ አለዚያ «ሌተስት» (የመጨረሻው አዲስ) የሚለው ምልክት ወደ አሮጌው መስመር ሊዞር ይችላል። የ2.4.2ን ማስታወሻ ደግሞ በዋናው ብራንች ቼንጅሎግ ላይም ጻፉት።

እርምጃ 9፦ ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩ

ፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱን ዋና እትም አምስት ዓመት ይደግፋል። ፓይተን 2 መጀመሪያ በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ ነበር፤ ሰው መሸጋገር ስላልቻለ ወደ 2020 ተራዘመ፤ በጃንዩወሪ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ድጋፉ አበቃ። እንዲህ ዓይነት አቅም ለሌለው ፕሮጀክት የኔ ምክር የአሁኑን ማይነርና ያለፈውን ሜጀር የመጨረሻ ማይነር ብቻ መደገፍ ነው። የምትችሉትን ያህል ቃል ግቡ፤ በሪድሚ (በፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ መስመሩን፣ የወጣበትን ቀንና የሚያበቃበትን ቀን የያዘች ትንሽ ሠንጠረዥ አስቀምጡ።

የምትደግፉት ብራንች ኮሚት ባይገባበትም ይታመማል፤ ፈተናዎቹ የሚሮጡበት መሣሪያ ይቀየራል፣ የሚወርደው ፓኬጅ ይጠፋል። አስቸኳይ ጥገና በመጣ ቀን ብራንቹ እንደማይገነባ ማወቅ ክፉ ነገር ነው። ፈተናውን በየሳምንቱ አሩጡት። ጊትሀብ አክሽንስ (ፈተናዎችን በራሱ የሚያሮጥ አገልግሎት) ላይ በጊዜ ሰሌዳ የሚነሣ ሥራ የሚሮጠው በነባሪው ብራንች ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌዎቹን ብራንቾች አውጥቶ የሚፈትን ሥራ በዋናው ብራንች ላይ ጻፉ።

ቀኑ ሲደርስ፦ የቀሩ ጥገናዎች ካሉ የመጨረሻ ፓች አውጡ፤ በቼንጅሎጉ «የ2.4 መስመር የመጨረሻው ይህ ነው፤ ወደ 3.1 ለመሸጋገር ይህን ይህን ቀይሩ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሠንጠረዡን አድሱ፤ በመስመሩ ላይ የተከፈቱ ጥያቄዎችን ምክንያቱን ነግራችሁ ዝጉ። ብራንቹን መሰረዝ ትችላላችሁ። ጫፉ ታግ መያዙን ግን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ኮሚቶቹ የሚደረስባቸው በታጉ በኩል ነው። ታጎቹን ግን አንዱንም አትሰርዙ፤ የሆነ ቦታ አንድ ሰው እስካሁን 2.4.0ን በቁጥሩ እየጠራ ይገነባል።